አንዴ ትጩህልን

ልጄ፣ መውጫ መግቢያሽ ይባረክ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጋራዡን እንደያዘ ነው።

አንቺ ያለሽበት የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጋ ስልክ ከተከፈተ የኮከቦቹን ድምፅ ይረብሻል ስላልሽኝ አልደወልኩም። ምን እዋሻለሁ፣ ደውያለሁ። ያቺ ሴትዮ «ደንበኛዋን ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። ደንበኛ አይደለችም፣ ልጄ ናት ብላትም አትሰማኝም። አባትሽ «ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል፤ እሱ ግን መታጠቢያ ቤት እንኳ ስልኩን ይዞ ነው የሚገባው።

እነዚያ ፑልሳር የምትያቸው ኮከቦች ከዚያ ሁሉ ርቀት ትር ትር ሲሉ ነው መኖራቸው የሚታወቀው ብለሽኝ ነበር። ሰማዩ ምስጢሩን አይንፈግሽ። እባክሽ፣ እኛም አንቺን እንደዚያ እንወቅሽ። ለአስቤዛ ከተማ ስትወጪ ሚስኮል አድርጊልን። አናነሳትም። ስልኳ አንዴ ትጩህልን እንጂ፣ «አለች» ብለን እንተኛለን።

እናትሽ