ወንበርሽን የበላው ቅናሽ

ነርሷ እህቴ፣

ከአዳር ስትመለሺ ወንበርሽን ብታጪው ሌባ ገባ ብለሽ አትደንግጪ፤ እኔ ነኝ የሸጥኩት።

የምሸጥበት ድረገጽ በወር ሃያ ዕቃ ለሸጠ ሰው ኮሚሽኑን በግማሽ ይቀንስለታል። ወሩ ዛሬ ያልቃል፣ እኔ ደግሞ አንድ ዕቃ ጎደለኝ። የኔ ወንበር እንደሆነ ባለፈው ወር ሄዷል።

«ለቅናሽ ብለሽ በኪሳራ ትሸጫለሽ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አዎ፣ በርካሽ ነው የሄደው። ግን ድረገጹ አሁን «ወርቃማ ሻጭ» ይለኛል፤ አንቺ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለሽኝ አታውቂም።

ሾርባ ሠርቼልሻለሁ፤
ቆመሽ ጠጪው።

ገዢው አሁን ደውሎ «እግሩ ይነቃነቃል፣ እመልሰዋለሁ» አለኝ። ከመለሰ ቅናሹ ይሰረዛል። ስለዚህ ቢያንኳኳ አትክፈቺለት።

ፍራሽሽ አለ፤ ደህና ተኚበት።
እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ አልነካውም።