ከዘፈኑ ስር የቀረው ድምፅ

ሰኞ፣ የካቲት 5

ኮምፒውተሩ እንደገና ጠፋ። ዛሬ ስንቴ እንደጠፋብኝ መቁጠሩን ትቻለሁ። ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይለፈልፋል፣ አንብቤ ሳልጨርስ ድርግም። ከዚያ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ራሱ ይነሳና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የሰርግ ቪዲዮ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ሁዳዴ ሳይገባ ሁሉም «ዲቪዲዬን!» ይላል። እሱስ ይሁን፣ ደንበኛ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። ያስጨነቀኝ የሎኮ ነገር ነው።

ሎኮን አምና ጥር ላይ ስትዳር እዚሁ ነገሌ የቀረጽኳት እኔ ነኝ። አሁን ወደራ ከተማ ነው ያለችው። እናቷ እማማ ጡሜ ኅዳር ላይ አረፉ። ጠዋት ደወለችልኝ። «አካም ሰናይት? ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ነገረችኝ። ዲቪዲው ላይ እናቷ ሲመርቋት ይታያል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ዘፈን ነው። ዘፈኑን የጫንኩት እኔ ነኝ። እዚህ ከተማ ቪዲዮ የምንሠራ ሁሉ እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ የአሮጊት ምርቃት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል እንልና ድምፁን አጥፍተን ዘፈን እንለቅበታለን። ደንበኛውም የሚወደው እንደዚያ ነው።

«ፊቷን ፎቶ ላይ አገኘዋለሁ» አለች ሎኮ። «ድምፅዋ ግን እየጠፋኝ ነው። ‹ሆራ ቡላ›፣ ውለዱ ክበዱ ብላ ስትመርቀኝ እንዴት ነበር ብዬ ትናንት ላስታውስ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ።»

አለ፣ አልኳት። ዘፈን ያልገባበት ዋናው ቅጂ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፣ ቅዳሜ ነይ፣ በፍላሽ እሰጥሻለሁ አልኳት። አፌ ሲፈጥን! ካሴቱ እንደሆነ ወዲያው ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ። ከዚህ ሳጥን በስተቀር የትም የለም። ስልኩን ዘግቼ መገልበጥ ጀመርኩ። ግማሽ ሳይደርስ ጠፋ። እንደገና ጀመርኩ። ጠፋ። እንደገና።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ኮምፒውተር ጠጋኙን ገመቹን ጠራሁት። ገና ከበሩ ሳይገባ «ቫይረስ ነው፣ ሁሉን አጥፍተን ፎርማት እናድርገው» አለ። ገመቹ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅም ፎርማት እናድርገው የሚል ይመስለኛል።

«ፎርማት ያልክ እንደሆነ ከዚህ ቤት አትወጣም» አልኩት።

«ኧረ ቀስ በይ ሰናይት! ሰው ሞተ እንዴ?»

አዎ፣ ሞቷል። ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሜሞሪውን አውጥቶ በላጲስ አሸው፣ ነፋበት፣ መለሰው። ጠፋ። ስታቢላይዘሩን ቀየርን። ጠፋ። የቫይረስ መፈለጊያ ከፈተ፣ እሱም መንገድ ላይ ቀረ። «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። የሚመለስ አይመስለኝም። እኔም ብሆን አልመለስም።

እሱ ከሄደ በኋላም እየደጋገምኩ ሞከርኩ። እልህ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ዛሬ እናቴ ላይ ጮህኩባት።

እማዬ ሱቅ አብራኝ ትውላለች። እጇ ሥራ አይፈታም፣ ዳንቴል ትሠራለች። ቤታችን ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ የሶፋው ክንድ ሳይቀር ለብሷል። ኮምፒውተሩን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትወደዋለች፣ እንጀራችን ነዋ። የነገሌ ቀይ አፈር እንዳይገባበት ሳጥኑን በላስቲክ ትጠቀልለዋለች፣ ከላይ ዳርና ዳሩ ሮዝ የሆነውን ነጭ ዳንቴል ታለብሰዋለች፣ እስከ ጀርባው ድረስ። ስንት ጊዜ «ያምራል» ብያታለሁ።

ዛሬ ከጀርባ ገመዱን ልነቅል እጄን ብሰድ ካውያ የነካሁ ያህል ፈጀኝ። ያኔ ገባኝ። በዚህ በበጋ፣ ሰው ጥላ ስር በሚያልብበት አገር፣ ያ ምስኪን ጋቢ ለብሶ ነው የከረመው። ዳንቴሉንም ላስቲኩንም ገፍፌ ወረወርኩት። «ገደልሽው! ሎኮ መጥታ ምን ልላት ነው?» አልኳት፣ ደንበኛ ፊት።

«አፈር እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው» አለች። ዳንቴሉን ከመሬት አነሳችው፣ አራገፈችው፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ራቁቱን ከተነሳ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ደስ ሊለኝ ነበር። ጠፋ።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ገመቹ ተመለሰ፣ ሐሜቴን ይቅር ይበለኝ። ፓወር ሰፕላዩን፣ መብራት የሚቀበለውን ክፍል፣ ፈታው። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ አትዞርም፣ አፈሩና ብናኙ ተጋግሮ አንቋታል። ለካ በላስቲክም በዳንቴልም ስር ገብቷል። ሙቀቱ በላይዋ ተጨምሮ ሞታለች። ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ ፈትቶ አመጣና ገጠመልኝ።

አልጠፋም! ቁጭ ብለን አየነው፣ አልጠፋም። ገመቹን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የሎኮን ፋይል ልገለብጥ ስል፣ አይነበብም አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አይነበብም። ገመቹ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ።

«ሃርድ ዲስኩ ተጎድቷል» አለ። «በሥራ ላይ እያለ ድንገት ሲጠፋበት፣ ሲጠፋበት... ስንት ጊዜ መልሰሽ አስነሳሽው?»

ከሰኞ ጀምሮ ልገለብጥ ስታገል ውዬ የማድረው እኔ አይደለሁ? ብተወው ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ የምለቅመውም የለኝ።

ለሎኮ «አትምጪ» ልላት ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ገመቹ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ጫነልኝ። እንደ ኤሊ ይሄዳል። ዲስኩ ይግላል። ሳጥኑን ከፍተን ጎኑን ገልጠን ትተነዋል።

እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። የከሰል መርገብገቢያዋን ይዛ ተመለሰችና መቀመጫ ዱካዋን አስጠግታ ኮምፒውተሩን ታራግብለት ጀመር። ገመቹ ሳቁን ዋጠ፣ «እማማ፣ ይደክምዎታል፣ ይተዉት» አላት። «ከሰል ሳራግብ አይደል እድሜዬ ያለቀው!» አለችው። እኔን አላየችኝም።

«ይቅርታ እማዬ» አልኳት።

«እየሞቀ ነው፣ ዞር በይልኝ» አለች። ይኸው ነው። ግን አናግራኛለች።

ምርቃቱ አልተገኘም። ፍለጋው ካለቀ በኋላም ገመቹ ደጋግሞ ፈለገው፣ የለም። ከዚያ ሰርግ የተረፈው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ካሜራውን ሳስተካክል የቀረጽኩት፣ ለማንም የማይረባ። ከፈትኩት። የሰው እግር፣ የድንኳን ጨርቅ፣ የጀነሬተር ጩኸት። ዘጋሁት። አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ሎኮ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ በዚያ መንገድ በሚኒባስ ተንገጫግጫ ነው የመጣችው። እማዬ አገላብጣ ሳመቻት፣ የራሷን ወንበር ለቀቀችላት። እኔ ቆሜ ነገርኳት። ምርቃቱ የለም፣ ጠፍቷል፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ አልኳት። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«የተረፈ ምንም የለም?» አለች።

«ቁራጭ አለ፣ የማይረባ ነው።»

«አሳዪኝ።»

ከፈትኩላት። እግሮች። የድንኳን ጨርቅ። ጀነሬተር። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ፣ ከካሜራው ጎን፣ በጣም ከቅርብ፣ የእማማ ጡሜ ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ እኔን እየተቆጡኝ ነው። ሎኮ በልታለች ወይ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ልጄን በረሃብ ልትገድሏት ነው እንዴ፣ አንድ ሰው ያጉርሳት እንጂ ይላሉ። ከዚያ የራሴ ድምፅ ይሰማል፦ «እሺ እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ ካሜራ እየከለሉ ነው።» አበቃ።

በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሎኮን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች ነበር፣ እንባዋ እየወረደ።

«ስትመርቅማ እንደ ሽማግሌዎቹ ነበር የምትሆነው» አለች። «እሷ ይህቺ ናት። ይህቺ ናት እኮ!»

ድገሚልኝ አለችኝ። ቆይ አልኳት፣ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ገለበጥኩት፣ በሁለተኛ ፍላሽም ደገምኩት። አልጠፋም። ከዚያ ከፈትኩላት።

እግሮች። ጨርቅ። ጀነሬተር። «ሎኮን ኛቴ?» አሉ እማማ ጡሜ፣ በልታለች ወይ?

ሎኮ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አለች።

«ኛዼ፣ አዮ» አለቻቸው። «በልቻለሁ፣ እናቴ።»