ስልክ ቁጥርህን የሰጠሁት እኔው ነኝ

ይድረስ ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ አብዱልጀሊል፣ ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሚይዝህ የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለህ ሳይክል ስትገጣጥም ያስጮህሃል? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? ዙቤዳ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ዩምናስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናታችን ጉልበቷን ይዟት ከግቢ ርቃ አትሄድም እንጂ ምግቧም ሰላቷም አልተጓደለባትም። አልዩ አምባም ሰላም ነው። ሽንኩርቱ ዘንድሮ እንደ ጉድ ነው።

በስልክ ድምፅ ልልክልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም አጠፋሁት። ድምፄ አላምር አለኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እናታችን ቤት ነኝ፤ እሷም አጠገቤ ናት፤ ጆሮዋ ደግሞ ከጉልበቷ በጣም ይሻላል። ስለዚህ አብሮህ የሚሠራው ኢስሀቅ ዕረፍቱን ጨርሶ ሐሙስ ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእጁ ልኬልሃለሁ።

አስቀድሜ በስልክ በቅጡ ያላወራሁህን ደስታዬን ልንገርህ። በኅዳር አንተ ያገናኘኸኝ አስጎብኚው አቶ ገብረአማኑኤል ከእናንተ ሱቅ የገዛውን የተራራ ሳይክል ይዞ አንኮበር ድረስ መጣ። ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚውጥ የአየር ሞላ ያለው ነው። አንተ እንዲህ ያለውን በየቀኑ ትገጥማለህ፤ እኔ ግን የማውቀው ደብረ ብርሃን ክለብ እያለሁ የምነዳውን፣ ጠጠር በነካ ቁጥር ጥርስ የሚያንገጫግጨውን ቀጭን ጎማ ነው። ሰውዬው ማወቅ የፈለገው ሳይክሉ የእኛን ቁልቁለት ይችል እንደሆነና እንግዶቹን እየመራ የሚወርደው ማን እንደሚሆን ነበር። የተሞከርነው እኔና የክለባችን ልጅ አቤል ነን፤ እኔ ቅዳሜ፣ እሱ እሑድ።

ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው የበቅሎ መንገድ ለቀቅሁት። መጀመሪያ የኋላው ሞላ ለእኔ ክብደት በጣም ደርቆ አንዘፈዘፈኝ። ወርጄ አየሩን ቀነስኩለት። ከዚያ ወዲያማ ጋሼ፣ ምን ልበልህ! ድንጋዩን ጎማው ይውጠዋል፣ እኔ ፔዳሉ ላይ ቆሜ እወርዳለሁ። ቁልፍ ሲጫኑት ኮርቻው እንኳ ዝቅ ይልልሃል። የፊት ፍሬኑ ይጮኻል፤ አንዱ ጠባብ መታጠፊያ ላይም ፔዳሉ ድንጋይ መትቶ ጣለኝና ክርኔ ተላጠ። የወደቅሁበት ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ብርዱ ከላይ ቀርቶ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ ሳስር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሽንኩርት የጫኑ አህዮች ሽቅብ ሲመጡ ደግሞ እንደ አገራችን ወግ ወረድኩ። ጭነት ለያዘ መንገዱ የእሱ ስለሆነ ሳይክሉን ተሸክሜ በገደሉ በኩል ቆሜ አሳለፍኳቸው። ባለቤቶቹም ስለ እናታችን፣ ስለ አንተ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁኝ አላለፉም። ሰዓቴ በዚህ ሄደብኝና ፈተናውን መውደቄ ነው ብዬ ነበር። በማግሥቱ አቤል ከሳይክሉ ሳይወርድ ደወሉን እያንጫረረ ሲያልፍ አህያ አስበርግጎ ሽንኩርቱን ገደል ለገደል በተነው። አቶ ገብረአማኑኤል ያን አይቶ፣ የምፈልገው ፈጣን ሳይሆን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ሥራው ያንቺ ነው አለኝ።

እዚያው እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን አባታችን ከሞተ ወዲህ ያለውን የቤታችንን ደንብ አሰብኩ። ለትዳርም ለሥራም ታላቅ ይጠየቃል። ወንድሜን ያናግሩልኝ፣ እሱ ከፈቀደ እኔ ዝግጁ ነኝ ብዬ ስልክ ቁጥርህን በገዛ እጄ ጻፍኩለት። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም ኮራሁ። ፈቃዱ የሚጠየቅ ወንድም አለኝ ብዬ ኮራሁብህ።

በሳምንቱ ደወልክልኝ። ሰውዬው እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ ወንድ ይሻለኛል ብሎ ሐሳቡን ለወጠ፣ ብለምነውም አልሰማኝም አልከኝ። አለቀስኩ። አንተም አይዞሽ እህቴ፣ ሰው እንዲህ ነው እያልክ ለረጅም ሰዓት አጽናናኸኝ። የምሠራበትን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ልለቅ ነው ብዬ ለአለቃዬ ነግሬ ስለነበር አንገቴን ደፍቼ መልሱኝ ብዬ ለመንኩ። ከሽመናው አውጥተው ማጠቢያው ክፍል መደቡኝ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ቀኑን ሙሉ እጄ ውኃ ውስጥ ነው። አቶ ገብረአማኑኤልን መናኸሪያ አግኝቼው ሰላም ሊለኝ እጁን ሲዘረጋ ፊቴን አዞርኩበት። ሥራው ለተሰጠው ለአቤል ግን መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት። እሱ ምን አጠፋ ብዬ።

ባለፈው ሰኞ ኢስሀቅ የላክኸውን ዕቃ ይዞ መጣ። ስለ ማጠቢያው ክፍል ሳወራው፣ አብዱልጀሊልን አትቀየሚው፣ ለክብርሽ ብሎ ነው አለኝ። የማውቅ መስሎት ነው፣ እንዳትቆጣው። እጅህ በግራሶ ተለውሶ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገህ ስታወራ አጠገብህ ቆሞ ሰምቶሃል። ሰውዬው ፈቃድህን ጠየቀህ። አንተም እህቴ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ገደል ለገደል ስትዞር አገር ምን ይለኛል፣ አቤል ይሁንላችሁ አልክ። እኔ እንደከለከልኩ እንዳትነግሯት ብለህም ጨመርክ።

ጋሼ፣ አይሆንም ብትለኝ አኩርፌህ፣ ተከራክሬህ፣ ምናልባትም እሺ ብዬህ ነበር። በከለከልክበት አፍ መልሰህ ስታጽናናኝ ግን አቃጠልከኝ። ሦስት ወር ሙሉ እርግማን የማይገባውን ሰው ስረግም አንተ ከዚያ ሆነህ ትሰማኝ ነበር። ከድተኸኛል። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ትናንት ለአቶ ገብረአማኑኤል ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቦታው ተይዟል፤ ሌላ መሪ የሚያስፈልገኝ ከመስከረም በኋላ ነው አለኝ። ያኔ ስለ እኔ የሚጠይቁት ካለ እኔኑ ይጠይቁኝ፣ ሌላ ቁጥር የለኝም አልኩት።

ለዙቤዳ ሰላምታዬን ንገርልኝ። ዩምናን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሳይክል ገዛህላት አሉ፣ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። አብረውህ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላም በልልኝ። ከዚህም አክስታችን፣ ልጆቿና ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላም ብለውሃል።

እናታችን የሆነውን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የምትለኝን እንድጽፍልህ ታዝዘኛለች። በሳይክሉ ጉዳይ ለእህትህ ስለለፋህላት፣ ባይሳካም ስላሰብክላት፣ አላህ ለልጅህ እንዳንተ ያለ ወንድም ይስጣት ብላሃለች። እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

እህትህ ሁስና
አልዩ አምባ፣ የካቲት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.