ቀለም የተቀባ አሸዋ

ደማም፣ መጋቢት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ አሳምነው፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው፤ አትኩራራበት።

ረምዚያ ከአገር ቤት ዕረፍቷ ስትመለስ ደብዳቤህንና ሁለቱን ጠርሙስ ውሃ አድርሳልኛለች። ስለ ጤናዬ አንድ መስመር፣ ስለ ማጣሪያህ ሦስት ገጽ። የውሃ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለሆንኩ «ማጣሪያው አርሴኒክ ያስቀራል» ብዬ እንድፈርምልህ ትፈልጋለህ። ሚስት እንዳለችህ ትዝ ያለህ ፊርማ ሲያስፈልግህ መሆኑ አልገረመኝም።

በእናትህ ጉድጓድ መርዙ ተገኘ ሲባል፣ ለመታየት ብለህ የመጀመሪያውን ማጣሪያ እዚያው ግቢያቸው ተከልክ። ሳይጣራ የተቀዳውንም ተጣርቶ የወጣውንም መረመርኩ። አርሴኒኩ በሁለቱም እኩል ነው።

ከዚያ እዚህ ቅርብ ኹበር አሽ-ሸማሊያ ሰፈር፣ ማጣሪያውን እየሠራ የሚልክልህ የዚያ ሰውዬህ የመኳንንት ሱቅ ሄድኩ። የሚሸጠው ሽቶ ከበር ይቀበላል። ማጣሪያው ውስጥ የሚሞላውን ቀይ አሸዋ በርሜል አስከፈትኩት፤ ንጹህ የብረት ኦክሳይድ ነው ብሎ ማለልኝ። አንድ እፍኝ ዘግኜ ባልዲ ውስጥ አጠብኩት። ቀዩ ሁሉ ለቀቀና መዳፌ ላይ ነጭ የባሕር አሸዋ ቀረ። ቀለም ቀብቶት ነው። አላፈረም።

«ውሃው ጠርቶ ይወጣል አይደል? ሰው የሚፈልገው እሱን ነው» አለኝ።

«አርሴኒክ ቀለምም ጣዕምም የለውም።»

«ታዲያ ማን ያየዋል?»

ሸሪክህ ይህ ነው፤ ተመሳሳያችሁን አግኝታችኋል። በማግስቱ አሠሪዬ፣ ካፊሌ ጋ ደውሎ በድርጅቱ መሣሪያ የግል ሥራ ትሠራለች አለ። ካፊሌ ሲጠይቀኝ እውነት ነው አልኩት። ኸላስ፣ ከሥራ ተባረርኩና የመውጫ ቪዛው፣ ኹሩጅ ተመታልኝ፤ ከፋሲካ በኋላ አገር ቤት ነኝ። እንዳታዝንልኝ፣ አያምርብህም።

እናትህ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለባቸውም። ይህን ደብዳቤ የያዘው የሥራ ባልደረባዬ አብዱሽኩር አንድ ከረጢት አሸዋም ይሰጥሃል። አሸዋውን በብረት ጨው ውሃ እየዘፈዘፍኩ ምድጃ ውስጥ ያደረቅሁት እኔ ነኝ፤ ዝገቱ ከፍሬው አይለቅም። አርሴኒክ እዚያ ዝገት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ እናንተ እንደምታወሩት ተአምር የለውም። በዚያው ውሃ ሞክሬው ሠርቷል። እስኪደክም ነው የሚያገለግለው፤ ያን ጊዜ ሌላ እሠራለሁ።

የማጣሪያውን ሆድ ገልብጠህ ይህን ሙላበት፤ ሰው አትላክ፣ ራስህ ሂድ። እስከዚያ እማማ እጅጋየሁ ከጉድጓዱ እንዳይጠጡ። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። የሸጥክላቸውንም ሰዎች ቤት ለቤት ዞረህ ንገራቸው። እንደማታደርገው ስለማውቅ ለጤና ጣቢያው ጽፌያለሁ።

እማማን እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። ላንተ ልብ ይስጥህ።

ሙኒት

ከፈረምኩ በኋላ ነው የታወሰኝ፤ አንተም ያደግኸው በዚያ ጉድጓድ ውሃ ነው። መዳፍህንና የውስጥ እግርህን በቀን ብርሃን ተመልከት። ቆዳው ከጠጠረ ወይም ነጠብጣብ ካለው የመርዙ ምልክት ነውና ሐኪም ጋ ሂድና ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። መልሱን ለአብዱሽኩር ስጠው፤ ከፋሲካ በፊት ወደዚህ ይመለሳል። በፖስታ አትላከው፣ ይዘገያል።