ሠላሳ ሦስት ሀምዳን

ይድረስ ለወንድሜ ለሀምዳን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድምዓለም፤ የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ስልክህ እንቢ ስላለኝ ይኸው አራተኛውን ደብዳቤ ጻፍኩልህ።

አንተ የቆፈርከው ጉድጓድ ደረቀ። ጦርነቱ አብቅቶ መንገዱ ስለተከፈተ፣ አገሩ ገንዘብ አዋጥቶ ከደሴ የመቆፈሪያ ማሽን ሊያስመጣ ነው። ባለሙያው "ስልሳ ሜትር ሳንወርድ ውሃ የለም" አለ። ዋጋው በየሜትሩ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ዋሉ። እማዬ ግን "ሜትሩን ተዉትና በልጄ ቁመት ንገሩኝ" አትልም መሰለህ! ጉድጓዱን ስትቆፍር የለካህበትን፣ በቁመትህ ልክ የተቆረጠውን ገመድ አወጣች። ያንተ ጉድጓድ ሰባት ሀምዳን ነበር፤ የማሽኑ ሠላሳ ሦስት ሀምዳን ሆነ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ካንተ ጋር የዘመተው የጋሽ ባዬ ልጅ፣ ዝናው፣ ተመልሷል። ገመዱን ለበሬ ማሰሪያ ቢጠይቃት ከለከለችው።

"ምን አለበት እማማ፣ ሌላ እንቆርጣለን" አላት።

"በማን ቁመት?" አለችው።

ዝናው አንገቱን ደፋ። ገመዱ አሁን ሣጥኗ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሁለት መስመርም ብትሆን ጻፍልን። አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ስትመጣ ገመዱን አጠገብህ ዘርግተን እንለካሃለን፤ ምናልባት አድገህበት ይሆናል።

እህትህ ሂዳያ፣ ከአምባሰል