ቮልቴጁን ምሰሶ ላይ ለፈለጉት ዳይሬክተር

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ማርያም ተገኝ፣
የመሥሪያ ቤታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፣
ጂንካ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እስካለፈው ሳምንት ድረስ የቪዲዮ ቅንብር ባለሙያዎ የነበርኩት ጥሩዬ ኤርሳዶ፣ ለቅጣት ወደተመደብኩባት ወደ ሩቋ ሃና ከተማ ለመሄድ ጓዜን እየሸከፍኩ ነው። የሰውነትዎ ሙቀት ሠላሳ ሰባት ላይ ረግቶ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ፤ እርስዎ በሚመሩት ቤት ሙቀቱ በትክክል የሚታወቅ አንድ ነገር እንኳ መኖር አለበትና። ውለታዎን በአደባባይ ሳላመሰግን ብሄድ ነውር ስለሚሆንብኝ ይህን ጻፍኩ።

1. ኮምፒውተሮች ሁሉ “ይዘመኑ” ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። የእኔው ደህና ይሠራ ነበር፤ ይህ በእርስዎ ዘንድ እንደ ጥፋት መቆጠሩን አላወቅኩም። ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የማዘርቦርድ ፕሮግራም፣ ባዮስ የሚባለውን፣ በገዛ እጅዎ ባዘመኑት ማግስት የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ሥራ ሳይዝ ሰባ ዲግሪ ይሞቅ፣ ቪዲዮ ሳቀናብርበት ደግሞ መቶ ሊደርስ ሲል ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋ ጀመር።

2. ፋኑን ጠርጌ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ማቀዝቀዣ ቅባት ቀይሬ ለውጥ ሳጣ ባዮሱን ከፍቼ አየሁ። ዝማኔው የቀድሞውን ቅንብር አጥፍቶ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ “አውቶ” ላይ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ራሱ እንዲወስን፣ መልሶታል፤ ማዘርቦርዱም አንድ ነጥብ ሁለት ቮልት ይበቃው ለነበረ ፕሮሰሰር አንድ ነጥብ አራት አምስት ያጎርሰዋል። የይለፍ ቃሉን እርስዎ ስለያዙት ማየት እንጂ መንካት አልችልም፤ ያለ ፈቃድዎ ቅንብር የነካ ወዮለት ብለውም በየበሩ ለጥፈዋል። ስለዚህ “ቮልቴጁ ጨምሯልና ዝቅ እንዳደርገው ይፈቀድልኝ” ብዬ አመለከትኩ።

3. እርስዎ ግን፣ ዕድሜ ይስጥዎትና፣ ቮልቴጅ የሚለውን ቃል ሲያዩ ማመልከቻዬን ለመብራት ሰዎች መሩት። ምስኪኖቹ መሰላል ተሸክመው መጥተው በራችን ላይ ያለው ምሰሶ ላይ ወጡ፣ የግድግዳውን ሶኬት ለኩ፣ ደህና ነው ብለው ሄዱ። በእነሱ አልፈርድም፤ የለኩት የተጠየቁትን ነው። እርስዎም “ቮልቴጅ አለመጨመሩ በባለሙያ ተረጋግጧል” ብለው ጻፉ፤ እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሸታም ሆንኩ።

4. ሙቀቱን በተመለከተ፣ ቆላ ወይጦ ያለው ሠራተኛ በዚያ ሐሩር ሳያማርር እዚህ ጂንካ የተቀመጠችውን ምን አሞላቀቃት ብለው በስብሰባ ሰው ሲያስቁብኝ አልረሳም። መስኮት ክፈቺ አሉኝ፤ ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ መስኮቱ እንደተከፈተ ተቃጠለ።

5. እርስዎ ከሳሽም ምስክርም ሰብሳቢም በሆኑበት የዲሲፕሊን ኮሚቴ “ንብረት በማቃጠልና ሐሰተኛ ሪፖርት በማቅረብ” ጥፋተኛ ተባልኩ። ልጄ ኤፍራታ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ከአባቷ ጋር ጂንካ ትቀራለች። በየማታው ማን ፀጉሬን ይሠራኛል እያለች ትጠይቀኛለች። በዚህስ መቀለድ አልቻልኩም፤ አንጀቴን አቃጥለውታል፣ ይቅርም አልልዎትም።

እርስዎን ለሚያህል ሰው የቱንም ያህል ዝቅ ቢሉ አይበዛምና፣ እስከ ሶኬቱ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ጥሩዬ ኤርሳዶ
በክቡርነትዎ ቸርነት “ንብረት አቃጣይ”

ማስታወሻ፦ በተቃጠለው ምትክ የተገዛው አዲሱ ኮምፒውተር እርስዎ ጠረጴዛ ላይ በመቀመጡ እንኳን ደስ ያለዎት። ከመሄዴ በፊት እንዳዘምነው በጽሑፍ ባዘዙኝ መሠረት ትናንት ባዮሱን አዘምኜልዎታለሁ። ቮልቴጁ አውቶ ላይ ነው፤ ያለ ፈቃድዎ ቅንብር መንካት ወዮ እንደሚያስብል ስለተማርኩ ጫፉን አልነካሁም። ቢሞቅብዎ መስኮት ይክፈቱ። ካልበረደም ምሰሶው ያው በር ላይ ነው፤ መሰላል አይርሱ።