ድምፁ የጠፋ ጌም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ይድረስ ለምወድሽ ለድንቢጥ እናት፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጀርባሽስ እንዴት ሆነልሽ? አሮጊቷን ከአልጋ ስታነሺ ብቻሽን አትሁኚ፣ አንድ ሰው ይደግፍሽ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝ ባውቅም ዛሬም ደግሜ እላለሁ። እኛ አለን። ፀጉር ቤቱም ሥራው ቀዝቀዝ ቢልም አለ። የእኔን ፀጉር ብታዪው ትስቂያለሽ፤ የሰውን ሳስተካክል እየዋልኩ የራሴ ጆሮዬ ላይ ተኝቷል።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ እህት ናት። ወደ አንቺው ከተማ ስለምትመጣ በእጅሽ አድርሺልኝ ብያታለሁ። በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር «ምነው ድምፅህ?» ትዪኛለሽ፣ እኔም «ጉንፋን ነው» እልሻለሁ። ደግሞም ይሄ ነገር በሰው ኩሽና ቆመሽ፣ መቼ ይጠሩኛል እያልሽ የምትሰሚው አይደለም። ክፍልሽ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የካቲት ላይ ስትደውዪ ልጅቷ ስልኩን ትንሽ ይዛ መልሳ ሰጠችኝ። «ቂም ይዛብኛለች፤ ትቻት ስለሄድኩ ነው» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም ልጅ ናት፣ ያልፍላታል አልኩሽ። ቂም አልያዘችብሽም። የቀረውን ስታነቢ ይቺን እንዳትረሺ ብዬ ነው አስቀድሜ የምጽፍልሽ።

ያ የላክሽላት በእጅ የሚያዝ መማሪያ ጌም ከደረሰ ጀምሮ ከእጇ አልወረደም። አውራ ጣቶቿ በሚያርፉበት በኩል ቢጫው ቀለም መልቀቅ ጀምሯል። በኛው ቋንቋ የሚናገር ለማግኘት ስንት ሱቅ እንደዞርሽ ይገባኛል። ጠዋት ኬጂ ትውላለች፣ ከሰዓት እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትጫወታለች። የተቆራረጠውን ሥዕል መግጠም፣ ጥላውን ከእንስሳው ማዛመድ፣ ዓሣዎቹን ቆጥሮ ቁጥሩን መንካት፣ ይሄ ሁሉ ለሷ ምንም አይደለም። ተገልብጠው የተደፉትን ካርዶች አስታውሶ ጥንድ ጥንዱን ማግኘትማ እኔን ያሸነፈኝን እሷ ሳትስት ትጨርሰዋለች። ያዩን ደንበኞች ሁሉ «ይቺ ልጅ ማንን መስላ ነው?» ይሉኛል፣ እናቷን እላለሁ።

«አዳምጪና ምረጪ» የሚለው ክፍል ላይ ስትደርስ ግን ሁሉ ነገር ይጠፋባታል። ከጌሙ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «ድመቷ የታለች?» ትላለች፤ ድንቢጥ ጎማውን ትነካለች። «ጃንጥላው የታለ?» ትላለች፤ እሷ ዳቦውን። ያዘነ ፊት ይመጣና እንደገና ያስጀምራታል። እሷም አትናደድም። ከሥዕሎቹ አንዱን ትገምታለች፣ ሳይሆን ሲቀር ሌላውን ትገምታለች።

በዚያው ሰሞን የኬጂ አስተማሪዋ አስጠራችኝ።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ግን እልከኛ ሆናለች» አለችኝ። «ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ፊት ለፊቷ ሄጄ ካልቆምኩ አትመልስልኝም። ንግግሯም እንደ ሕፃን እየተኮላተፈ ነው።»

«እናቷ ስለራቀቻት ነው» አልኳት። አስተማሪዋም አዝና ራሷን ነቀነቀች። የዚህ ቤት ነገር ሁሉ መልሱ ይሄው ነበር፤ ሁላችንም ለምደነዋል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ወንበሩ ላይ የነበሩት ጡረተኛው ሹፌር ናቸው። ታውቂያቸዋለሽ፣ ራሳቸው ላይ የቀሩትን ጥቂት ፀጉሮች በየጊዜው እየመጡ የሚያስከረክሙት። ድንቢጥ እንደ ልማዷ የጌሙን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍታዋለች። ትጫወትና በየመሃሉ አንስታ ጉንጯ ላይ ትለጥፈዋለች። ያቺ አጭር ዜማ እየተመላለሰች የሰውን ቀልብ ገፈፈችው።

«ልጄ፣ እባክሽ ቀንሺልን፤ ጭንቅላቴን በጠበጥሽው» አሉ ሹፌሩ።

ቀና ብላም አላየቻቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ቶንዶሱን አጥፍቼ ሄድኩና በጀርባዋ በኩል እጄን ሰድጄ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጭራሽ ዘጋኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ መጫወቷን ቀጠለች። ዜማው የለም፣ ሴትዮዋ የለችም፣ ጣቶቿ ግን እንደ ቅድሙ ይሮጣሉ። ቆሜ አየኋት። ቆይታ ቆይታ አንስታ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው፣ ግንባሯን ቋጠረችና ዞራ አየችኝ።

«አባዬ፣ መንቀጥቀጥ ተወ» አለችኝ።

ድምፁ ጠፋ አላለችም።

እጇን ይዤ ፎጣ ወደማጥብበት ጓዳ ወሰድኳት። ፀጉር ቤቱ በሁለቱም ግድግዳ መስታወት መሆኑን ታስታውሺያለሽ፤ ጓዳው ውስጥ ግን መስታወት የለም። ፎጣዎቹን መደርደሪያው ላይ ደርድሪልኝ ብዬ በምልክት አሳየኋትና ከኋላዋ ቆምኩ። በስሟ ጠራኋት። ድንቢጥ አልኳት። ጮክ አልኩ። ከዚያ የቆርቆሮውን ሳፋ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ለቀቅኩት።

«ምንድነው የወደቀው?» የሚል የሰው ድምፅ ከውጭ መጣ። እሷ የፎጣዎቹን ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠመች ነበር።

ሹፌሩ ግማሽ ራሳቸው ተቆርጦ፣ ነጩ ጨርቅ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ በሩ ላይ ቆመው አዩን። ጨርቁን ራሳቸው ፈትተው አጣጠፉትና፣ ተራ የሚጠብቁትን «ዛሬ ተዘግቷል» ብለው ይዘዋቸው ወጡ። መዝጊያውንም ከውጭ ገርበብ አደረጉልን።

እኔን ያታለለኝ መስታወቱ ነው። እዚያ ቤት ሆና የሁሉም ሰው ከንፈር ይታያታል፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንኳ ስናገር በመስታወቱ አይታ ትመልስልኛለች። ቤትም ስንበላ ከፊት ለፊቴ ካልሆነ አትቀመጥም። እኔ ደግሞ ፍቅር ነው እል ነበር። አስቢው፤ አንቺ ደግሞ ምስል የሚያሳይ ስልክ አሰሪዎችሽ አይፈቅዱልሽም። ስልኩን ሰጥተን «እናትሽን አውሪያት» ስንላት የምንሰጣት አንድ ጥቁር ዕቃ ነበር፣ ከንፈር የሌለው።

ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ተኝታለች፣ ኬጂ ናት እያልኩ የሸሸሁሽ ለዚህ ነው።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ትልቅ ማዳመጫ አደረጉላት። ድምፅ ስትሰማ የሰጧትን የእንጨት ቀለበት ፊቷ የቆመ እንጨት ላይ ታጠልቃለች፤ ይሄም ለሷ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ የሐኪሟን ፊት እያየች በግምት ታጠልቅ ነበር። ሐኪሟ ነቃችባትና ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ከዚያ በኋላ ልጅሽ ቀለበቷን አየር ላይ ይዛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ጥሩ ተማሪ ሆና ጠበቀች። እጇ ሲደክማት በሌላኛው እጇ ደገፈችው።

«ከባድ ትኩሳት ታማ ታውቃለች?» አለችኝ ሐኪሟ።

«አምና ክረምት» አልኳት። አንቺም እዚያ ሆነሽ እንቅልፍ ያጣሽበት ያ ትኩሳት ነው። ዳነች ብለን ጎረቤቱን ሁሉ ያመሰገንንበት።

«ቀኙ የለም» አለችኝ። «ግራው ጥቂት ቀርቶታል። እሱም እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል።»

«እስከ መቼ ይቆያል?»

«አላውቅም። አውቃለሁ የሚልዎት ቢመጣም አይመኑት። የቀረው እስካለ ድረስ ግን ያሰሟት። የምትወዳቸው ሰዎች ይናገሯት።»

ለግራ ጆሮዋ ሌላ ልጅ አድጎ የጠበበውን የመስሚያ መሣሪያ አዋሱን። መጀመሪያ ቀን የቧንቧው ውሃ ሲወርድ ደንግጣ አለቀሰች። አትወደውም፤ ዓይኔን ካነሳሁ አውልቃ ጫማዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። ቀስ በቀስ ግን ቀረብ ብዬ፣ ፊቴን እያየች ስናገራት ሳልደግምላት መልስ መስጠት ጀምራለች። እንግዲህ ስልኩም ይሆንላታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ሹፌሩን ከደጅ ደውሉልኝ አልኳቸው። ድምፃቸውን አለስልሰው እንደ ሕፃን ሲያወሯት በመስኮቱ አያቸዋለሁ። እሷ ጆሮዋን ይዛ «ይንጫጫል» አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሐኪሟንም ጠየቅኳት፤ በስልክ የሚመጣ ድምፅ ለሷ ጆሮ አይሆንም፣ ፊት ለፊት ነው አለችኝ።

እኔና እሷ አሁን የራሳችን ምልክት አለን። ራብ ሆድ መምታት ነው፣ እንቅልፍ ጉንጭ መደገፍ ነው። አንቺ ደግሞ ጣትን ወደ ሰማይ አሻግሮ ማሳየት ነሽ፣ አውሮፕላን ማለቷ ነው። አስተማሪዋ አሁን ከፊት ወንበር አስቀምጣታለች፤ ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔም እንዲሁ።

ትናንት ከሰዓት መሣሪያዋን እንዳደረገች ጌሙን ጆሮዋ አጠገብ ይዛ ብዙ ቆየች። ያቺ ሴትዮ «ጎበዝ! እንደገና ሞክሪ» ስትላት ፈገግ አለች። ከዚያ መጣችና ሱሪዬን ሳበችኝ።

«አባዬ፣ ይቺ እማዬ ናት?»

እንዴት እንደዚያ እንዳሰበች ኋላ ነው የገባኝ፤ ጌሙን እናትሽ ናት የላከችልሽ ያልኳት እኔ ነኝ። አይደለችም አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«የእማዬ ድምፅ እንዴት ነበር?»

ነበር ነው ያለችው። ቁጭ አልኩና ከንፈሬን እያየች አስረዳኋት። ዝቅ ያለ ነው አልኳት፣ ስትስቅ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ሲደክማት ይጎረንናል። ስትቆጣ እንኳ የምታባብል ትመስላለች። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀችኝ። ከዚያ ግራ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋችና «አሰማኝ» አለችኝ።

እንግዲህ የሆነው ይሄ ነው። የሥራ ውልሽን እንዳደስሽ አውቃለሁ፤ አሮጊቷም ያለ አንቺ እንደማይሆንላቸው ነግረሽኛል። ነይ አልልሽም። እዚያ ምን እንዳለብሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እዚህ ያለውን ደግሞ እንድታውቂው ነው የጻፍኩልሽ። ራስሽን አትውቀሺ፤ እዚህ ሆነሽም ቢሆን ትኩሳቱን ማስቀረት አይቻልም ነበር።

ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ የምታነሺው ይቅለልሽ፤ ባሕር ማዶ የዋለ ልብሽ አይዘን። ልጅቷ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ሰላም ብላሻለች።

መልስ ብትጽፊ አነብላታለሁ። ግን የምትሰማው በእኔ ድምፅ ነው።

ያንቺው፣
የድንቢጥ አባት